ዳግማዊ ምኒልክና ሊነሣ የነበረው ዋና ከተማ

ስለ ታላላቅ የመንግሥት ሰዎች ሕይወት በሚነገርበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚወሳው ጦርነታቸውና ውላቸው ነው። የዳግማዊ አፄ ምኒልክም ስም ሲነሣ አድማጭ ወዲያው ዐድዋን ያስባል፤ ማሰቡም ተገቢ ነው። ዳሩ ግን የአንድ መሪ ችሎታ ስለ ማገዶ፥ ስለ ውሃና ስለ መንገድ በሚሰጠው ውሳኔም ይመረመራል። ለዚህ ንግግራችን ምስክር የምናደርገው ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በቡራዩና በገፈርሳ አልፎ ወደ ሆለታና ወደ አዲስ ዓለም የሚዘልቀውን መንገድ ነው።

በጥንት ዘመን የነገሥታት ከተማ ማለት ሰፈር ማለት ነበር፤ ማገዶው ሲያልቅ ሰፈሩ ይነሣል። ምኒልክም ራሳቸው ከአንኮበር እስከ እንጦጦ መናገሻቸውን ደጋግመው ለውጠዋል። በ1879 ዓ.ም. በፍል ውሃ አጠገብ የተቆረቆረችው አዲስ አበባም በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዙሪያዋ የነበረውን ዛፍ ለቤት መሥሪያና ለእንጀራ መጋገሪያ ጨረሰችው። እንጨት ለቃሚው በየዓመቱ መንገዱ እየራቀበት ሄደ። ስለዚህ ንጉሠ ነገሥቱ በ1893 ዓ.ም. ገደማ እንጨት ገና ወደሚገኝበት ወደ ምዕራብ ፊታቸውን አዙረው አዲስ ዓለምን ቆረቆሩ፤ የቤተ መንግሥቱም ሥራ ተጀመረ።

ይሁን እንጂ አዲስ አበባ የድንኳን ከተማ መሆኗ እየቀረ ነበር። የውጭ አገር መንግሥታት መልእክተኞች ብዙ ገንዘብ አፍስሰው ቤት ሠርተውባታል፤ መኳንንቱም ነጋዴውም እንደዚሁ። እነዚህን ሁሉ ነቅሎ መሄድ ጓዝ በበቅሎ ጭኖ እንደመነሣት ቀላል አልነበረም።

በዚህ መካከል ከተማይቱን የታደጋት ከአውስትራልያ የመጣ ዛፍ ነው። ሕዝቡ ከባሕር ማዶ መምጣቱን አይቶ ባሕር ዛፍ ብሎታል። ወደ አገራችን የገባው በ1880ዎቹ ዓመታት ማለቂያ ሲሆን፥ ያስገባው ሞንዶን ቪዳይሌ የተባለው የንጉሠ ነገሥቱ ፈረንሳዊ አማካሪ ነው ይባላል። የዚህ ዛፍ ጠባይ ልዩ ነው፤ ቀጥ ብሎ ፈጥኖ ያድጋል፥ ሲቆረጥም ከጉቶው እንደገና ያቈጠቍጣል። መንግሥትም ችግኙ በርካሽ ዋጋ እንዲዳረስና ባሕር ዛፍ የተተከለበት መሬት ከግብር ነፃ እንዲሆን አደረገ። ኮረብታው ሁሉ በጥቂት ዓመታት ለበሰ፤ ዋና ከተማይቱም ሳትነሣ ቀረች።

የሞጎሉ ንጉሥ አክበር በህንድ አገር እ.ኤ.አ. በ1571 ያሠራትን ፋትሕፑር ሲክሪን በ1585 ትቷት ሄዷል፤ ያ ሁሉ የቀይ ድንጋይ ሕንፃ ባዶውን ቀረ። የምኒልክ አሳብ መለወጥ ግን ብክነት አልሆነም። የአዲስ ዓለሙ ቤተ መንግሥት የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ሁለቱን ከተሞች ለማገናኘት የተጠረገው መንገድም በአገሪቱ ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ ዘመናዊ መንገዶች አንዱ ሆኖ ቀረ። የመንገድ መዳመጫ የሚሆነውን ባለ እንፋሎት መኪና ያስመጣው ሰርኪስ ተርዚያን የተባለ አርመናዊ ነበር፤ ሕዝቡም የሰርኪስ ባቡር እያለ ጉድ አሰኝቶለታል። አንድ ንጉሥ በአዋጅ የጀመረውን ከተማ መተዉ እንደ ሽንፈት በሚቈጠርበት ዘመን ምኒልክ ይህን ማድረጋቸው፥ በእኛ አስተያየት፥ ከብዙ ድሎቻቸው ጋር ሊቈጠር የሚገባው ነው።

ነገር ግን ዛፉ ዕዳም አምጥቷል። ውሃ በብዛት የሚጠጣ በመሆኑ ምንጭ ያደርቃል፥ ማሳ ይጐዳል የሚለው ስሞታ ገና ምኒልክ በሕይወት ሳሉ ተነሥቶ፥ እ.ኤ.አ. በ1913 ከባሕር ዛፉ ሦስት እጅ ሁለቱ እንዲነቀል ትእዛዝ ወጥቶ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያን ጊዜ በጽኑ ታመው ነበርና በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ላይ ዐረፉ። ትእዛዙም በሥራ ላይ ሳይውል ቀረ፤ ምድጃው እንጨት ይፈልግ ነበርና።

የውሃው ነገር ደግሞ መልሶ ወደ ገፈርሳ ያመጣናል። ገፈርሳ በኦሮምኛ ጎሽ ማለት ነው፤ ዛሬ በዚያ ጎሽ የለም፥ ስሙ ብቻ ነው የቀረው። ከተማይቱ ከምንጭና ከጕድጓድ አልፋ ስትጠማ፥ ውሃ የተጠራቀመላት በዚሁ ስፍራ በተሠራው ግድብ ነው፤ ዕድሜውም ከለገዳዲ ግድብ ይበልጣል። ስለዚህ የምዕራቡ መንገድ ዋና ከተማ ሊያሻግር ተጠርጎ፥ ዋና ከተማይቱ ባለችበት እንድትኖር ውሃ ወደሚላክበት ስፍራ የሚያደርስ ሆነ ማለት ነው።

ማገዶው ግን በቧንቧ አይመጣም። ከእንጦጦ ተራራ የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው አዝለው፥ ወገባቸው ጐብጦ፥ ቍልቍለቱን እየወረዱ አዲስ አበባን ለብዙ አሥር ዓመታት እንጀራ ያስጋገሩት ሴቶች ናቸው።