ለአጥንት ኢንፌክሽን የግድ መርፌ ነው?

ትናንት ሌሊት እዚህ ፓርክ ሂል ከጎንደር ተደወለልኝ። የአክስቴ ልጅ የተሰበረ እግሩ አመርቅዟል፤ «የስድስት ሳምንት መርፌ ታዞለታል፣ ብር ላክ» ተባልኩ። እኔ የሶፍትዌር ሰው እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ግን በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመውን ኦቪቫ የተባለውን የብሪታኒያ ጥናት አንብቤዋለሁ። 1,054 የአጥንትና የመገጣጠሚያ ኢንፌክሽን ታካሚዎች በዕጣ ተከፍለው፣ ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ግማሾቹ መድኃኒት በደም ሥር፣ ግማሾቹ በአፍ ወሰዱ። በዓመቱ ሕክምናው ያልሠራላቸው በደም ሥር ከታከሙት 14.6፣ በአፍ ከታከሙት 13.2 በመቶ ነበሩ።

ያገኙትን ኪኒን መዋጥ ማለት ግን አይደለም። አብዛኞቹ ቁስሉ በቀዶ ሕክምና ተጠርጎላቸዋል፤ መድኃኒቱንም የመረጠው ባለሙያ ነው።

«እትዬ፣ ጀርሙ በላቦራቶሪ ተለይቷል?» አልኳቸው።

«ኧረ ማንም አልነገረን!»

የምርመራውን ብር አስቀድሜ ላክሁ። የመርፌውን ነገር ሐኪሙ ውጤቱን አይቶ ይወስን።