«ቡናው ምን ይመስላል?» ብሎ በጀርመንኛ ስለ መጠየቅ

(በራዲዮ ከተነገረው)



ቡናችንን በብዛት ከሚገዙት አገሮች አንዱ ጀርመን መሆኑ የታወቀ ነው። ከዚያ የሚመጣ እንግዳ ወደ ሚዛን ተፈሪ ወይም ወደ ቴፒ ወርዶ በቡናው አጠገብ የቆመ እንደ ሆነ፣ ጣዕሙን ሳይቀምስ አስቀድሞ የሚጠይቀው መልኩን ነው። ስለዚህ በዚያ አገር በመንግሥት ሥራ ላይ ላለ ሰው ይህችን አንዲት ጥያቄ አጥርቶ ማወቅ ይጠቅመዋል።

ጥያቄይቱ «ቪ ዚት ዴር ካፌ አውስ?» ትባላለች። ትርጓሜዋም «ቡናው ምን ይመስላል?» ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ ግሥ ለሁለት ተከፍሏል፤ «ዚት» ከመጠይቁ ቃል ቀጥሎ ሲቀመጥ፣ «አውስ» መጨረሻውን ይዘጋል። ጠያቂው «አውስ»ን ረስቶ ያቆመ እንደ ሆነ ግን ነገሩ ተለውጦ «ቡናው እንዴት ያያል?» ይሆንበታል። ቡና ደግሞ ዐይን የለውም!

ሁለተኛው ጥንቃቄ የጾታ ነው። በረከቦት ዙሪያ ብንመለከት ቡናው «ዴር ካፌ» ተብሎ በወንድ፣ ሲኒው «ዲ ታሰ» ተብሎ በሴት፣ ውሃው «ዳስ ቫሰር» ተብሎ ከሁለቱም ውጭ በሆነ በሦስተኛ ጾታ ይጠራል። እኛ ስናቆላምጥ «ሲኒዋ» ለማለት ፈቃድ አለን፤ በጀርመንኛ ግን ምርጫው ለተናጋሪው አልተተወምና ስምን ከነጾታው ማጥናት ግድ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ ግን የነገሩን ስም ለይቶ ማወቅ ነው። እኛ «የቡና ፍሬ» ስንል ከዛፉ የሚለቀመውንም ከገለባው የወጣውንም ማለታችን ሊሆን ይችላል። ጀርመኖች ግን እሸቱን «ዲ ኪርሸ»፣ ከውስጡ የሚወጣውን ጥሬ ቡና «ዲ ቦነ» ይሉታል። እንግዲህ እንግዳው «ቪ ዚት ዲ ኪርሸ አውስ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ መላሹ ጥሬውን ቡና በልቡ ይዞ «ግሩን»፣ ማለት «አረንጓዴ» ቢል፣ ቡናው ሳይበስል ተለቅሟል ብሎ መመስከሩ ነው። ተገቢው መልስ «ዲ ኪርሸ ኢስት ሮት»፣ «እሸቱ ቀይ ነው» የሚለው ነበር። ቀይ ቀዩን እየመረጠ ሲለቅም የሰነበተ ገበሬ ድካሙ ሁሉ በአንዲት ቃል ስሕተት ይነቀፍበታል።

ጥያቄና መልስ በሁለቱ ሕዝቦች መካከል አዲስ ነገር አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1652 ዓ.ም. የአምሐራው ሰው አባ ጎርጎርዮስ ወደ ጀርመን አገር፣ ወደ ጎታ ከተማ ተጋብዘው በሄዱ ጊዜ፣ ሊቁ ሂዮብ ሉዶልፍ ስለ አገራችን ይጠይቃቸው፣ የመለሱለትንም ይጽፍ ነበር። ከብዙ ዘመን በኋላ በ1698 ዓ.ም. የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ለማሳተም ያበቃው የእርሳቸው ትምህርት ነበር። ጠያቂው በትዕግሥት ባይጠይቅ፣ መላሹም ለይቶ ባይመልስ ኖሮ ያ ሥራ ባልተገኘም ነበር።

ስለዚህ ክቡራን አድማጮች፣ ልምምዱን ከቤታችሁ ጀምሩ። ሲኒውን አንሥታችሁ «ቪ ዚት ዲ ታሰ አውስ?» በሉ፤ «ዲ ታሰ ኢስት ቫይስ»፣ «ሲኒው ነጭ ነው» ብላችሁም መልሱ። ነገር ግን ከመመለሳችሁ በፊት የተጠየቃችሁት የትኛው ነገር እንደ ሆነ አረጋግጡ፤ መልክን በትክክል መናገር የሚቻለው ነገሩን ለይተው ሲያውቁት ነውና።