ስፒከሩ መጨረሻ ይምጣ

ቺፕ የሚያመርት ኩባንያ ቺፑን ብቻውን ቢያቀርብ የሚሞክርለት ሰው ጥቂት ነው። 44 እግር ኖሮት ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም የማይበልጥ ነገር ላይ ሽቦ እያሰሩ መለካት አይቻልም። ስለዚህ ኮይሉ፣ ካፓሲተሩ፣ ሂት ሲንኩ፣ መግቢያና መውጫው ተሟልቶ የተሠራ ቦርድ አብሮ ይሸጣል። የሙከራ ቦርድ የሚባለው ይኸው ነው። ዓላማውም መሐንዲሱ ቺፑን በራሱ ምርት ውስጥ ከመክተቱ በፊት ጠባዩን እንዲያውቀው ነው።

የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስን ቲፒኤ3255 እንውሰድ። ዓይነቱ ክላስ ዲ ነው፤ ትራንዚስተሮቹን በሰከንድ ከ450 ሺህ እስከ 600 ሺህ ጊዜ እያበራና እያጠፋ፣ የሚበሩበትን ጊዜ በማስረዘምና በማሳጠር ድምፁን ይቀርጻል። ትራንዚስተር ሙሉ በሙሉ ሲበራ ወይም ሲጠፋ የሚያባክነው ኃይል ትንሽ ስለሆነ ይህን ሁሉ ጉልበት የሚያወጣው ቺፕ በመጠነኛ ሂት ሲንክ ይኖራል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ የእንግሊዙ ሲንክሌር እ.ኤ.አ. በ1964 ኤክስ-10 የተባለ ተገጣጣሚ አምፕሊፋየር በዚሁ ዘዴ ሠርቶ ሸጧል።

የቺፑ መግለጫ በ4 ኦም ላይ ለአንድ ቻናል 315 ዋት ይላል። የተለካው ግን የድምፁ መዛባት 10 በመቶ ሲደርስ ነው፤ ያን ያህል የተዛባ ሙዚቃ ማን ቁጭ ብሎ ይሰማል? በ1 በመቶ መዛባት ቁጥሩ 260 ይሆናል፣ መግለጫውም አይደብቀውም። እኔ የምይዘው ሁለተኛውን ነው። ሳጥናቸው ላይ ሺህ ዋት ተጽፎባቸው ከሚሸጡት አንጻር ግን የመጀመሪያውም ቢሆን ጨዋ ነው።

ሁለቱ ቻናሎች ያን 315 ዋት ሲያወጡ ከ51 ቮልት ፓወር ሰፕላይ ከ12 አምፔር በላይ ይጎትታሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበራ ግን እዚያ መድረስ አያስፈልግም። ሽቦው ሁሉ ፓወር ሰፕላዩ ጠፍቶ ይታሰራል፣ የሪሴት ማብሪያው ቺፑን በሚያስተኛበት በኩል ይደረጋል፤ ከዚያ በ24 ቮልት፣ የአምፔሩ ገደብ 1 ላይ ተይዞ ይበራል። ቦርዱ ጸጥ ብሎ ከቆየ ሪሴቱ ይለቀቃል። በስፒከር ፋንታ መውጫው ላይ የሚታሰረው ትልቅ 4 ኦም ሬዚስተር ነው። 100 ዋት ሲገባበት እንደ ምጣድ ስለሚግል ብረት ላይ ታስሮ፣ ከእጅና ከፕላስቲክ ርቆ ይቀመጣል።

ብዙ ቦርድ የሚጎዳው ኦሲሎስኮፑ ሲመጣ ነው። በተለመደው አምፕሊፋየር የስፒከሩ ኔጋቲቭ ግራውንድ ስለሆነ የኦሲሎስኮፑን የግራውንድ መቆንጠጫ እዚያ ላይ ማሰር ልማድ ሆኗል። እዚህ ግን ሁለቱም የስፒከር ጫፎች ከትራንዚስተር ይመጣሉ፤ በ24 ቮልት ሲሠራ ድምፅ ሳይኖር እንኳ እያንዳንዳቸው ከግራውንድ 12 ቮልት ያህል ከፍ ብለው ይቆማሉ። መቆንጠጫው ደግሞ በኦሲሎስኮፑ ሶኬት በኩል ከመሬት ሽቦ ጋር የተያያዘ ነው። ፓወር ሰፕላዩ ወይም ድምፁን የሚልከው ላፕቶፕ በቻርጀሩ በኩል ከዚያው መሬት ከተገናኘ፣ አንዱ ጫፍ በቀጥታ ሾርት ሆነ ማለት ነው። ሁሉም ከመሬት ተነጥሎ እንኳ የአንዱ ፕሮብ መቆንጠጫ በቦርዱ ግራውንድ፣ የሌላው በስፒከር ጫፍ ከታሰረ ሁለቱ በኦሲሎስኮፑ ሆድ ውስጥ ይገናኛሉ። ቺፑ ራሱን አጥፍቶ የፎልት መብራቱን ቢያበራ ዕድለኛ ነህ። መፍትሔው ሁለት ፕሮብ ነው፦ ለእያንዳንዱ ጫፍ አንድ፣ መቆንጠጫዎቻቸው ሁለቱም በቦርዱ ግራውንድ ላይ፤ ልዩነቱን ኦሲሎስኮፑ ራሱ ይቀንሰው።

የመጀመሪያው ልኬት በ1 ዋት ቢሆን ይመረጣል፤ በ4 ኦም ላይ 2 ቮልት ማለት ነው። ቤት ውስጥ በመጠኑ ሲደመጥም ስፒከር የሚወስደው ከዚያ ብዙም አይርቅም። መዛባት በሚለካ መሣሪያ ፊት ደግሞ ከ20 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን የሚቆርጥ ኤኢኤስ17 የተባለው ማጣሪያ ይገባል። ያለ እሱ ከኮይሉ ያመለጠው የትራንዚስተሮቹ ብልጭታ መሣሪያውን ያሳስትና ንጹሑን አምፕሊፋየር መጥፎ ያስመስለዋል።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ በሁለቱ ጫፎች መካከል ዲሲ መኖሩ በቴስተር ይታያል። ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ከሆነ ስፒከር ይታሰር፤ ቢቃጠል የማያስቆጨው ቀድሞ።