ኢንተርፖል፦ የማያስረው ፖሊስ

ኢንተርፖል በ196 አባል አገሮች ፖሊሶች መካከል መረጃ የሚያቀባብል ድርጅት ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ በፈረንሳይ ሊዮን ከተማ ይገኛል። ፊልም ላይ እንደሚታየው ከአገር አገር እየበረሩ ወንጀለኛ የሚያድኑ ታጣቂዎች የሉትም፤ ማንንም አያስርም፣ ቤት አይፈትሽም፣ እስር ቤትም የለውም። በእጁ ያለው መዝገብና መልእክት ብቻ ነው። ይህም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም። የአንድ አገር ፖሊስ ሥልጣን ድንበር ላይ ሲደርስ ያበቃል፤ አደንዛዥ ዕፅ የሚነግደውን፣ ሰው የሚያሻግረውን ወይም ለአሸባሪ ቡድን ገንዘብ የሚያስተላልፈውን ግን ድንበር አያግደውም።

ሐሳቡ የተወለደው በ1914 በሞናኮ በተካሄደ ጉባኤ ነው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የ24 አገሮች ፖሊሶችና የሕግ ሰዎች ተሰብስበው ስለ ተፈላጊዎች አያያዝና ስለ ጋራ የወንጀለኞች መዝገብ ተመካከሩ፤ በዚያው ዓመት የፈነዳው የዓለም ጦርነት ዕቅዱን አስቀረው። በ1923 የቪየና ፖሊስ ኃላፊ ዮሐንስ ሾበር ጉዳዩን ዳግም አንስተው ዓለም አቀፍ የወንጀል ፖሊስ ኮሚሽን ተቋቋመ። ቀጥሎ የመጣው የድርጅቱ ጥቁር ምዕራፍ ነው። ናዚ ጀርመን በ1938 ኦስትሪያን ስትጠቀልል ኮሚሽኑም በናዚዎች እጅ ወደቀ፤ ከ1940 እስከ 1942 በፕሬዚዳንትነት የተቀመጠበት የናዚ የደኅንነት ሹሙ ራይንሃርት ሃይድሪክ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1946፣ መቀመጫውን ፓሪስ አድርጎ እንደ አዲስ ተደራጀ፤ የአሁኑን ስያሜና መተዳደሪያ ደንብ ያገኘው በ1956 ነው። ኢትዮጵያ በ1958 አባል ሆናለች።

አሠራሩ የቆመው በየአገሩ ባለ ብሔራዊ ማዕከላዊ ቢሮ ላይ ነው። ቢሮው የዚያው አገር ፖሊስ አካል ነው፤ የኢትዮጵያው በፌዴራል ፖሊስ ሥር ይገኛል። ቢሮዎቹ ከ2003 ጀምሮ ሌት ተቀን በሚሠራ የተጠበቀ መስመር ይገናኛሉ፤ የጣት አሻራ፣ የተሰረቁ ተሽከርካሪዎችና የተፈላጊ ሰዎች መዝገቦችንም በዚሁ መስመር ይፈትሻሉ። ከመዝገቦቹ ሁሉ ለሽብር መከላከል ይበልጥ የሚፈለገው የተሰረቁና የጠፉ የጉዞ ሰነዶች መዝገብ ነው። ከመስከረም 11ዱ የአሜሪካ ጥቃት በኋላ በ2002 የተከፈተ ሲሆን ዛሬ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሰነዶች ተመዝግበውበታል። መዝገብ የሚጠቅመው ግን ገልጦ ለሚያየው ብቻ ነው። በማርች 2014 ከኩዋላ ላምፑር ተነሥቶ 239 ሰዎች እንደያዘ በጠፋው የማሌዥያ አውሮፕላን ላይ ሁለት መንገደኞች ታይላንድ ውስጥ በተሰረቁ የኦስትሪያና የጣሊያን ፓስፖርቶች ተሳፍረው ነበር። ሁለቱም ፓስፖርቶች መዝገቡ ላይ ነበሩ፤ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ግን ማንም አላመሳከረም። ሰዎቹ ጥገኝነት ፍለጋ ወደ አውሮፓ የሚጓዙ ኢራናውያን ወጣቶች እንጂ አሸባሪዎች አልነበሩም፤ አሸባሪ ቢሆኑም ያው ያልፉ ነበር።

ሕዝብ በስም የሚያውቀው ቀይ ማስታወቂያውን ነው። አንድ አገር የሚፈልገው ሰው ባለበት ተይዞ ተላልፎ እንዲሰጠው ሌሎቹን የሚጠይቅበት ነው። ቢጫው ለጠፉ ሰዎች፣ ጥቁሩ ማንነቱ ላልታወቀ አስከሬን ይወጣል፤ በ2025 ለሙከራ የተጀመረው ብርማው ደግሞ የወንጀለኞችን ሀብት ፈልጎ ለማግኘት ነው። ቀይ ማስታወቂያ በራሱ የእስር ትእዛዝ አይደለም፤ ምን ያህል እንደሚያስገድድ የሚወስነው የተቀባዩ አገር ሕግ ነው። ኦሳማ ቢን ላደንን በዚህ መንገድ ቀድማ ያስፈለገችው ሊቢያ ነበረች፤ ይህም በ1998፣ ከመስከረም 11ዱ ጥቃት ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ መሆኑ ነው።

የኪዳነ ዘካርያስ ሀብተማርያም ጉዳይ የሥርዓቱን ጉልበትም ክፍተትም ያሳያል። ኤርትራዊው ኪዳነ ሊቢያ ውስጥ በኒ ወሊድ ላይ ስደተኞችን መጋዘን ውስጥ አጉሮ በማሰቃየት ከቤተሰቦቻቸው ገንዘብ በማስላክ ተከሷል። በ2020 አዲስ አበባ መንገድ ላይ ከተጎጂዎቹ አንዱ አይቶ ለየውና ተያዘ። በ2021 መጀመሪያ ግን ለችሎት በቀረበበት አመለጠ፤ ፍርድ ቤቱ በሌለበት የዕድሜ ልክ እስራት ፈረደበት። ኢትዮጵያና ኔዘርላንድስ በየፊናቸው ቀይ ማስታወቂያ አስወጡበት፤ የተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ መርማሪዎች ደግሞ የገንዘብ ዝውውሩን ተከተሉ። በ2023 የመጀመሪያ ቀን ሱዳን ውስጥ ተያዘ። የያዘው የሱዳን ፖሊስ፣ ዱካውን የመራው የኤምሬትስ ፖሊስ ነው፤ ኢንተርፖል አገናኛቸው።

ደንቡ በአንቀጽ 3 ድርጅቱ በፖለቲካ፣ በወታደራዊ፣ በሃይማኖትና በዘር ጉዳይ እንዳይገባ በጥብቅ ይከለክላል። ሽብር የፖለቲካ ዓላማ ስላለው በዚሁ አንቀጽ ምክንያት ለዓመታት እጁን ሰብስቦ ቆይቷል። በ1984 ሉክሰምበርግ ላይ የተሰበሰበው ጠቅላላ ጉባኤ ሚዛኑን ቀየረው፤ የድርጊቱ የወንጀል ገጽታ ከፖለቲካው የሚያመዝን ከሆነ ትብብሩ ተፈቀደ። ሚዛኑን በትክክል መያዝ ግን ዛሬም ያስቸግራል፤ ተቃዋሚውን ወይም ጋዜጠኛውን በማጭበርበር ወይም በሽብር ከስሶ ማስታወቂያ የሚያስወጣ መንግሥት አይጠፋም። በአውስትራሊያ የስደተኛ ከለላ ያገኘው የባህሬን እግር ኳስ ተጫዋች ሐኪም አል-አራይቢ በ2018 ባንኮክ ሲደርስ በቀይ ማስታወቂያ ተያዘ። ኢንተርፖል ማስታወቂያውን ወዲያው ቢሰርዝም ታይላንድ ከሁለት ወር በላይ አስራዋለች።

ስሙ ያለአግባብ መዝገብ ላይ ሰፍሯል ብሎ የሚያምን ሰው አቤት የሚለው የኢንተርፖልን ፋይሎች ለሚቆጣጠረው ገለልተኛ ኮሚሽን ነው። ማመልከቻው ክፍያ የለውም፤ የሚቀርበው ግን በድርጅቱ አራት የሥራ ቋንቋዎች፣ ማለትም በዐረብኛ፣ በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ ወይም በስፓኒሽ ነው።