ከኮምፒውተር ሥዕል ወደ ሲቲ ስካን፦ የአካባቢ ብርሃንና የጥላ አተረጓጎም

በጌዴኦ ዞን በቱቱ ፈላ የሰው ፊት የተቀረጸባቸው ጥንታዊ ትክል ድንጋዮች ይገኛሉ። ስፍራው እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር አካል ነው። ፀሐይ የድንጋዩን ፊት በቀጥታ ስትመታው ቅርጹ ይደበዝዛል፤ ብርሃኑ ከጎን ሲያርፍበት ግን ዓይኑና አፍንጫው ጥላ ይዘው ጎልተው ይወጣሉ። የተለወጠው ብርሃኑ እንጂ ድንጋዩ አይደለም። በሕክምና ምስል ላይም ተመሳሳይ ነገር መታየት በመጀመሩ ጉዳዩ ሐኪሞችን የሚመለከት ሆኗል።

በኮምፒውተር የሚሠሩ ቀደምት ሥዕሎች በአንድ ወይም በሁለት ሰው ሠራሽ የብርሃን ምንጮች ብቻ ስለሚበሩ ፕላስቲክ ይመስሉ ነበር። በተፈጥሮ ግን ብርሃን ከሁሉም አቅጣጫ ይመጣል። በዲላ አካባቢ በቡና ማሳ ውስጥ የቆመ ሰው ነጭ ጋዋን ቢለብስ፣ ከላይ የጥላ ዛፉ ቅጠል፣ ከጎን እንሰቱ፣ ከታች ቀዩ አፈር የየራሳቸውን ቀለም ያሳርፉበታል። የዓይን ቢጫነትን በዛፍ ጥላ ሥር ለመመርመር የሞከረ ባለሙያ ይህን ችግር ያውቀዋል።

ለዚህ የተገኘው መፍትሔ ዕቃውን በ360 ዲግሪ የአካባቢ ፎቶግራፍ መክበብና እያንዳንዷን የፎቶግራፉን ነጥብ እንደ ብርሃን ምንጭ መቁጠር ነው። ብሊንና ኒውዌል እ.ኤ.አ. በ1976 የአካባቢን ምስል በዕቃ ገጽ ላይ ማንጸባረቅ እንደሚቻል አሳይተዋል። ሆኖም ተራ ፎቶግራፍ ለአንድ ቀለም 256 የብሩህነት ደረጃዎች ብቻ አሉት። የፀሐይ ገጽ ከሰማዩ ከ100,000 እጥፍ በላይ ብሩህ ሆኖ ሳለ፣ በፎቶግራፉ ላይ ፀሐይም በኖራ የተቀባ ግድግዳም እኩል ነጭ ሆነው ይቀራሉ። በዚህ ዓይነት ፎቶግራፍ የበራ ዕቃ የረባ ጥላ አይኖረውም። ዴቤቬክና ማሊክ እ.ኤ.አ. በ1997 በተለያየ የብርሃን መጠን የተነሡ ፎቶግራፎችን በማዋሐድ ትክክለኛውን የብርሃን ልክ ማስላት እንደሚቻል አሳዩ፤ ዴቤቬክም በቀጣዩ ዓመት በመስተዋት መሰል ኳስ ላይ ያረፈን የአካባቢ ብርሃን ወስዶ በኮምፒውተር የተፈጠሩ ዕቃዎችን አበራበት። ኤችዲአር የሚባለው ይህ ነው።

ሐኪም ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። የሲቲ ስካን መረጃ በሃውንስፊልድ ልኬት ከአየር 1,000 ኔጋቲቭ ተነሥቶ በውኃ ዜሮ በኩል እስከ ጠንካራ አጥንት ይዘልቃል፤ በተለምዶም 4,096 ደረጃዎች አሉት። ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ማየት ስለማይቻል ለሳንባና ለአጥንት የተለያየ ዊንዶው ይመረጣል። ተራ ፎቶግራፍ በአንድ ዊንዶው ብቻ ታትሞ እንደቀረ ሲቲ ነው፤ ኤችዲአር ግን ሙሉውን መረጃ እንደያዘ ፋይል ነው።

ሁለቱ ዘርፎች የተገናኙት ሲኒማቲክ ሬንደሪንግ በሚባለው ዘዴ ነው። በሲመንስ ኩባንያ ክላውስ ኤንገልና ባልደረቦቹ ባዳበሩት በዚህ ዘዴ የሲቲ መረጃ በኤችዲአር የአካባቢ ብርሃን ይከበብና ብርሃኑ በአካል ክፍሎች ውስጥ የሚጓዝበት መንገድ ይሰላል። በኦስትሪያ ሊንዝ ከተማ የራዲዮሎጂ ሐኪሙ ፍራንዝ ፌልነር ዘዴውን ቀድመው ካስተዋወቁት አንዱ ናቸው። ውጤቱ በአናቶሚ ክፍል የሚታይ እውነተኛ አካል ይመስላል፤ ለማስተማርና ቀዶ ሕክምናን ለታካሚ ለማስረዳትም እጅግ ይጠቅማል።

አደጋውም ያለው በዚሁ ውበቱ ላይ ነው። ከዛፍ ወድቆ ዳሌው የተጎዳ ታካሚ ምስል በእንዲህ ያለ ብርሃን ሲታይ፣ ጥልቀት ውስጥ ያለ ቀጭን ስብራት በጥላ ሊሸፈን ይችላል። በአንጻሩ የጥላ ጠርዝ ራሱ የስብራት መስመር ሊመስል ይችላል። ስለሆነም አጠራጣሪ መስመር ሲታይ አካሉን ሳያንቀሳቅሱ ብርሃኑን ማዞር ተገቢ ነው፤ መስመሩ ከብርሃኑ ጋር ከተንቀሳቀሰ ጥላ መሆኑ ይታወቃል፤ ባለበት ከጸናም ወደ ዋናዎቹ የሲቲ ቁርጦች ተመልሶ ማረጋገጥ ግድ ነው። እንደ ዓይን ጉድጓድ ወለል ያለ ስስ አጥንትም በሦስት አውታር ምስል ላይ ቀዳዳ ያለበት መስሎ ይታያል፤ ያማረ ብርሃን ይህን ስሕተት ይበልጥ አሳማኝ ያደርገዋል። የጡንቻው ቅላትም ከታካሚው ደም የመጣ ሳይሆን ባለሙያው ለሃውንስፊልድ ቁጥሮች የሰጠው ቀለም ነው።

ውድ መሣሪያ በሌለበትም ቢሆን ለማስተማሪያ የሚሆን ምስል መሥራት ይቻላል። ስሪዲ ስላይሰር በተባለው ነጻ ፕሮግራም አጥንቱን ለይቶ አውጥቶ፣ ብሌንደር በተባለው ሌላ ነጻ ፕሮግራም በኤችዲአር ማብራት ነው። የአካባቢ ምስሎቹ ፖሊ ሄቨን ከተባለው ድረ ገጽ ያለ ክፍያ ይገኛሉ። የዲላን ብርሃን ራሱን መጠቀም የሚሻም የሚያንጸባርቅ ኳስና በእግር ላይ የቆመ ካሜራ ይበቃዋል፤ የሌንሱ ክፍተት ሳይነካ የመዝጊያው ፍጥነት ብቻ እየተለዋወጠ ተደጋጋሚ ፎቶግራፍ ይነሣል። ነፋስ ቅጠሉን የሚያወዛውዝበት ሰዓት ግን ለዚህ ሥራ አይመችም።

የጭንቅላት ሲቲ ሲሆን ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ስምና የካርድ ቁጥር ቢሰረዝም ቆዳው በእንዲህ ያለ ብርሃን ሲታይ የታካሚው ፊት ቁልጭ ብሎ ይወጣል፤ ሰው ከሰው በሚተዋወቅበት ከተማ ደግሞ ለመለየት ጊዜ አይወስድም። በመሆኑም ምስሉ ለትምህርትም ሆነ ለስብሰባ ከመቅረቡ በፊት የታካሚውን ፈቃድ ማግኘት ወይም የፊቱን ቆዳ ከመረጃው ላይ ቆርጦ ማውጣት ያስፈልጋል።