አጭሩን ቲማቲም ከዘር አንሥቶ በቤት ስለ ማብቀል

ቲማቲም የደቡብ አሜሪካ ተክል ነው። የእስፓንያ ሰዎች በ16ኛው መቶ ዓመት ወደ አውሮፓ ካሻገሩት በኋላ፤ በዚያ ያሉ ብዙዎች የመርዛም ዕፀዋት ዘመድ መኾኑን አይተው ለረዥም ጊዜ መብላቱን ፈርተው ነበር። ድንች በርበሬና ትንባሆም ዘመዶቹ ናቸው። ይህን ዝምድና ማወቅ ለአትክልተኛ ይጠቅመዋል፤ ድንችን በክረምት አጥቁሮ የሚያደርቀው በሽታ ቲማቲምንም አይምርምና። የትንባሆም ደዌ በአጫሽ እጅ ወደ ቡቃያው ስለሚሻገር፤ ትንባሆ የያዘ ሰው ሳይታጠብ ችግኙን መንካት የለበትም።

ረዥሙ ቲማቲም እየወጣ ስለሚሄድ ድጋፍ እንጨትና ሰፊ መደብ ይሻል። አጭሩ ግን አንጓው የተቀራረበ፤ ግንዱ ወፍራም፤ ቅጠሉም ጠቆር ያለና የተጨማደደ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1945 በአሜሪካ በኒው ሃምሻየር ዩኒቨርሲቲ የወጣው ታይኒ ቲም የሚባለው ቁመቱ ከአንድ ክንድ እምብዛም አያልፍም፤ በ1989 በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ የወጣው ማይክሮ ቶም ግን አንድ ስንዝር ያህል ነው። ስለዚህ እርሻ የሌለው ሰው በደጃፉ፤ ግቢው የጠበበ ተማሪ ቤትም በመስኮቱ ሥር ሊያበቅለው ይችላል።

ዘሩን ዝናሙ ሊያበቃ ሲል፤ የበሰበሰ ፍግና አሸዋ በተቀላቀለበት ዐፈር፤ በግማሽ ሳንቲ ሜትር ጥልቀት መዝራት ነው። ሙቀት ካገኘ ከ5 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ይበቅላል። ከበቀለ በኋላ ብርሃን ያነሰው እንደ ኾነ ቀጥኖ ይረዝምና ይወድቃል። ከመዠመሪያዎቹ ቅጠሎች በላይ ኹለት ቅጠል ሲያወጣ፤ ግንዱን ሳይኾን ቅጠሉን ይዞ 4 ሊትር ወደሚይዝ ቆርቆሮ ማዛወር ይገባል። ሥሩ ያልተበሳ ቆርቆሮ ግን ለችግኙ መቃብሩ ነው። በደጋ አገር በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ስለሚወርድ ዕቃውን ማታ ወደ ቤት ያስገቡታል፤ በመሬት የተተከለው ይህ ዕድል የለውም።

ብዙ ድካም የሚጠፋው በውሃ ነው። የፍሬው ሥር ሲጠቁር ያየ ሰው ተባይ የገባ ይመስለዋል፤ ምክንያቱ ግን ውሃው አንድ ቀን በዝቶ አንድ ቀን መጥፋቱ ነው። ካልሲየም የሚባለው ምግብ ከውሃው ጋራ ስለሚጓዝ፤ ውሃው ሲቋረጥ ከፍሬው ጫፍ አይደርስም። በተማሪ ቤት ይህ የሚደርሰው ይልቁን ቅዳሜና እሑድ ነውና፤ መምህሩ ለነዚህ ቀናት ተረኛ ልጅ ይሹም። ውሃውም በማለዳ ከሥሩ ይፍሰስ እንጂ ቅጠሉን አያርጥበው። አበባው ራሱን በራሱ ያዳቅላል፤ ነገር ግን ነፋስ በማይገባበት ቤት ያለ እንደ ኾነ ዘንጉን በቀን አንድ ጊዜ በቀስታ መነቅነቅ ነው። አጭሩ ቲማቲም አይገረዝም።

ለዘር የሚኾነው ፍሬ ከኹሉ ከበረታው ግንድ በደንብ ቀልቶ የተለቀመ ነው። ከነጋዴ የተገዛ ድቅል ዘር ግን ልጁ እናቱን ስለማይመስል ለዚህ አይበጅም። አጭሩ ከረዥሙ ጋራ ተዳቅሎ እንደ ኾነ የአጭርነት ጠባዩ ስለሚሸፈን ቡቃያው ረዥም ይወጣል፤ ይህም በችግኝነቱ ስለሚታወቅ ነቅሎ መለየት ነው። ዘሩን ከነ ዝልግልጉ ጥቂት ውሃ ጨምረው 2 ወይም 3 ቀን ያቆዩታል፤ አረፋ ሲያወጣ አጥበው በሳሕን ላይ በጥላ ያደርቁታል፤ በወረቀት ላይ ከተሰጣ ይጣበቃል። ከርጥበትና ከአይጥ ተጠብቆ የተቀመጠ ዘር እስከ 4 ዓመት ድረስ ይበቅላል።