ጨዋታ ዘጊ ፍለጋ ካቸሩን ያስረከበው ሲያትል

የአሜሪካ ቤዝቦል እንደ አውሮፓ እግር ኳስ ተጫዋች በገንዘብ የሚገዛበት ገበያ አይደለም። በአብዛኛው ሰው በሰው ነው የሚለወጠው። የክለቡ ጄኔራል ማናጀር ስልኩን ያነሳል፣ ያኛውን ስጠኝና ይኼን ውሰድ ይላል። ሌላው ደግሞ አንድ ጨምርበት ይለዋል። በዚህ ድርድር ዋጋው አልቆረጥ የሚለው ካቸር የተባለው ተጫዋች ነው።

ካቸር ከመቺው ኋላ ቁጢጥ ብሎ የተወረወረውን ኳስ የሚቀልበው ነው። ሥራው መቅለብ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቀጥሎ ምን ዓይነት ኳስ ይወርወር የሚለውን ምልክት የሚሰጠው በአብዛኛው እሱ ነው፤ የቡድኑን ወርዋሪዎች ጠባይ አንድ በአንድ ማወቅ አለበት። ይኼ በቁጥር ተጽፎ አይቀርብም። ታዲያ ማናጀሩ በምን ይመዝነው?

እ.ኤ.አ. ጁላይ 31 ቀን 1997 የዝውውሩ በር ሊዘጋ ሲል ሲያትል ማሪነርስ ጭንቅ ላይ ነበር። ኬን ግሪፊ በዚያ ዓመት 56 ሆምረን የመታለት ቡድን ለዋንጫ እየሮጠ፣ መጨረሻ ላይ ገብቶ ጨዋታ የሚዘጋ ወርዋሪ ግን አጥቷል። የቦስተን ሬድ ሶክሱ ዳን ዱኬት በበኩላቸው ውድድሩ አምልጧቸዋል፤ የሚያስቸኩላቸው ነገር የለም። በእጃቸው ያለው ጨዋታ ዘጊ ሂዝክሊፍ ስሎከም ነው። ስሎከም በዚያ ዓመት ለቦስተን አንድም ድል ሳይመዘገብለት 5 ሽንፈት ተጽፎበታል! የሲያትሉ ዉዲ ዉድዋርድ ግን ተቀበሉት። በምትኩ ወጣቱን ካቸር ጄሰን ቫሪቴክን ሰጡ፤ እሱ አልበቃ ብሎ ወርዋሪው ዴሪክ ሎው ተጨመረበት።

በዉድዋርድ መፍረድ ቀላል ነው። ነገር ግን ሲያትል ዳን ዊልሰን የሚባል ደህና ካቸር ስለነበረው ቫሪቴክ ትርፍ መስሎ ታይቷል። ማሪነርስ በዚያ ዓመት ምድቡን አሸንፎ በመጀመሪያው ዙር በባልቲሞር ተሰናበተ። ቦስተን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 ከ1918 ወዲህ የመጀመሪያውን የዓለም ዋንጫ ሲያነሳ ካቸሩ ቫሪቴክ፣ የመጨረሻውን ጨዋታ ያሸነፈው ወርዋሪ ሎው ነበሩ።

ትርፍ ካቸር ያለው ሁሉ ግን አይከስርም። የሚኔሶታ ትዊንሱ ቴሪ ራያን እ.ኤ.አ. በ2001 በመጀመሪያ ምርጫ ያገኙት ጆ ማወር ሲደርስላቸው፣ በኖቬምበር 2003 የሸጡት ነባሩን ኤ.ጄ. ፒርዚንስኪን ነው። ካቸር የቸገራቸው የሳንፍራንሲስኮ ጃያንትሱ ብራያን ሴቢየን ጆ ናታንን፣ ፍራንሲስኮ ሊሪያኖንና ቡፍ ቦንሰርን አስረከቡ። ሦስቱም ወርዋሪዎች ናቸው። ናታን በተከታዩ ዓመት ብቻ 44 ጨዋታ ዘጋ። ራያን እንደ ዉድዋርድ ሰዓት አላስጨነቃቸውም፤ ክረምቱ ገና መግባቱ ነበር፣ ፈላጊው ደግሞ ሌላው ወገን ነው።

ሳንፍራንሲስኮ ፒርዚንስኪን አንድ ዓመት አሰልፎ ያለ ምትክ ለቀቀው። ቺካጎ ዋይት ሶክስ ማንንም ሳይሰጥ ወሰደውና በዚያው በ2005 ከ88 ዓመት በኋላ ዋንጫውን አነሳ።